አባ ሞረድና የማይዝገው አውቶሞቢል

ይህን ያጫወቱን ሽማግሌ እያወሩ ይስቁ፣ እየሳቁም ያስሉ ስለነበር፣ ግማሹ ጨዋታ በሳልና በሳቅ መሐል ጠፍቷል። የተረፈውን ለቃቅመን እነሆ ብለናል። ጨምራችሁበታል የሚል ሰው ካለ፣ ይምጣና የጠፋውን ግማሽ ይንገረን።

አገሩ በኢሉባቦር በኩል ነው። እዚያ ዝናቡ የሚያባራው ትንፋሽ ለመውሰድ ያህል ነው ይባላል። ጨርቅ ይሻግታል፣ ኮርቻ ይሻግታል፣ ብረትማ ከገበያ ተገዝቶ ቤት እስኪደርስ መንገድ ላይ ይዝጋል። ጣሊያን ለቆ በወጣ ማግስት የዚያ አገር ጌታ ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ። መሬቱ ከወንዝ እስከ ወንዝ የእሳቸው ነው። ቢተው ደግሞ ጭሰኛቸው ነበር። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ እሱ ሳይመረቅ ምላሱ ብቻ ተመርቆ የወጣ ሰው ነው።

በአንድ የመስቀል ዋዜማ ሕዝቡ በደመራው ዙሪያ ተሰብስቦ ሳለ ፊታውራሪ ሊፎክሩ ብድግ አሉ። «ዘራፍ!» ብለው የጎራዴያቸውን እጀታ ጨበጡና ሳቡ። ጎራዴው እምቢ አለ። ለካስ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር ዝጎ ከአፎቱ ጋር ተጣብቋል። ደግመው «ዘራፍ!» አሉ፤ አሁንም እምቢ። አንድ አሽከር ሮጦ መጣና አፎቱን ይዞ ወደ ኋላ፣ ፊታውራሪ እጀታውን ይዘው ወደ ፊት ይጓተቱ ጀመር። ሴቶቹ ሳቅ እንዳያመልጣቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። የፊታውራሪ ፊት ደም መሰለ፤ ቀድሞ የሚስቀው ሰው ወየውለት። ይሄኔ ቢተው ከሕዝቡ መሐል ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«ጌታዬ፣ አያስገድዱት! ጨዋ ጎራዴ ነው፤ ዙሪያውን ቢያይ ወዳጅ ብቻ ሆነበት፤ በወዳጅ ፊት እንዴት ይመዘዝ?»

መጀመሪያ የሳቁት ፊታውራሪ ራሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ቢተው የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ሆኖ ተሾመ፤ ጦሩን፣ ጠመንጃውን፣ ልጓሙን ሁሉ ከዝገት እንዲጠብቅ ታዘዘ። ጎራዴው ግን በኑግ ዘይት ተነክሮ እስኪላቀቅ ድረስ ከሳምንት በላይ ጨዋ ሆኖ ከረመ። ያኔ ትልልቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም አባ እገሌ ይባሉ ነበር። ቢተው ፈረስ የለውም፤ ሞረድ ግን ከእጁ አይጠፋም። ስለዚህ አባ ሞረድ አሉት፤ ስሙም እንደ ዝገት ተጣብቆበት ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ፊታውራሪ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ አውቶሞቢል ገዙ። አገሩ ጉድ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ሊዳስሰው ተጋፋ፤ አንዲት አሮጊት ሣር ይዘው መጥተው ከፊቱ አኖሩለት። በዚህ ደስታ መሐል አጋፋሪ ጓንጉል ቀረብ አሉ። አጋፋሪ የፊታውራሪ ደጅ አዛዥ ናቸው፤ የግምጃ ቤቱን ሹመት ለእህታቸው ልጅ ሲመኙ ቢተው ስለ ቀደማቸው ቂም ይዘዋል።

«ጌታዬ፣» አሉ፣ «ይህን የመሰለ ብረት በቢተው እጅ አንድ ክረምት አይከርምም።»

ፊታውራሪ ቱግ አሉ፤ ሲቆጡ መማል ልማዳቸው ነው።

«የአባቴ አጥንት ይውጋኝ! ይህን አውቶሞቢል ዝገት ያስነካ ሰው ከመሬቴ ወጥቶ ይሄዳል! ክረምቱን ሳይዝግ ካለፈ ግን፣ ቢተው የሰፈረባት ቦታ ርስቱ ትሁን!»

የቢተው ሚስት አትጠገብ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ እልል አለች፤ ቀጥላ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጎጆዋ ከጋጣው ጀርባ ነው። ጌቶች ጋጣ ማስፋት ባሰኛቸው ቁጥር «ንቀሉ» ይባላሉ፤ ባለፈው ጊዜ የተከለችው ጌሾ ለመቀንጠስ በደረሰበት ወር ነበር ንቀሉ የተባሉት። አሁን አዲስ ጌሾ ተክላለች። ስለዚህ ባሏን ፊት ለፊት ቁጭ አድርጋ ለመነችው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ብረቱን ይጠብቁ፤ አፍዎንም ይጠብቁ። ይህ ምላስዎ ከብረቱ ሁሉ ቀድሞ በዛገልኝ!»

ቢተው እሺ አለ። እሺታው እስከ ግንቦት ልደታ ቆየ።

የልደታ ለት አጋፋሪ ጓንጉል ቢተውን ሳይጠይቁ «ጠመንጃ በቅቤ ይያዛል፤ ይህም ብረት ነው» ብለው፣ ለፊታውራሪ የመጣውን የእጅ መንሻ ቅቤ ሁሉ አውቶሞቢሉን አስቀቡት። እንደ ሙሽራ አብለጨለጨ። ፊታውራሪ ተሳፍረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያመሩ የመጀመሪያው ውሻ ከሥጋ ቤቱ ጥግ ተነሣ። ሁለተኛው ከድልድዩ ሥር ወጣ። ገበያውን ሲያልፉማ የአገሩ ውሻ በሙሉ፣ ባለቤት ያለውም የሌለውም፣ ጎማውን እየላሰ፣ በሩን እየላሰ፣ እርስ በርሱም እየተናከሰ ይከተል ነበር። አጋፋሪና ሌሎቹ አጃቢዎች ከውሾቹ መሐል እየተሹለከለኩ ሮጡ። ቄሰ ገበዙ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ይህን ሲያዩ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «በስመ አብ! እነዚህ ሁሉ ውሾች የማን ናቸው?» አሉ። አባ ሞረድ ወደ አጃቢዎቹ ዘወር ብሎ አየና፦

«አባ፣ እንደ ሌላው አጀብ ናቸው፤ ቅቤው እስኪያልቅ ድረስ የፊታውራሪ ናቸው።»

አጋፋሪ ጓንጉል ያን ለት ጠበል ጻዲቁን ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አትጠገብ ደግሞ ባሏን ሦስት ቀን አኮረፈችው።

የፊታውራሪ ባለቤት እሜቴ በለጥሻቸው ናቸው። ዘራቸው ከባላቸው ይበልጣል፤ ይህንም ባላቸው እንዲረሱት አይፈቅዱም። ንፉግነታቸው ደግሞ ከዘራቸው ይበልጣል። ጓዳው ይቆለፋል፣ የማር ጋኑ ይቆለፋል፣ በርበሬው ይቆለፋል። የቁልፉ ሁሉ ልጅ መቀነታቸው ላይ ታስሮ ስለሚንጫረር፣ ከሩቅ ሲመጡ ቃጭል ያጠለቀች በቅሎ የምትመጣ ይመስላል። የአውቶሞቢሉ የኋላ ሣጥን ቁልፍም እዚያው መቀነት ላይ ገብቷል። ክረምቱ ሲገባ የእንግዳ ማረፊያው በር ቁልፍ ዝጎ አልከፈት አለ። አባ ሞረድ ተጠራ። ጥቂት ኑግ ዘይት ቢለምን «ለወጥ ያልበቃ ዘይት ለቁልፍ?» ብለው ነሱት። ከራሱ ቤት በጣቱ ጫፍ ነክሮ አምጥቶ ሲፈታታ ከበላዩ ቆመው ያዩት ነበር።

«እንዲያው ይህን የመሰለ ጠንካራ ቁልፍ ምን አዛገው?» አሉ።

«እሜቴ፣ ቁልፍ የሚዝገው ሳይከፈት ሲኖር ነው፤ ይህ እኮ እንግዳ አይቶ አያውቅም።»

በዚያ አገር የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ቤት የሠሩት ዳኛው ቀኛዝማች ወንዳፍራሽ ነበሩ። ቆርቆሮው ዛገ፤ ቀኛዝማችም ሳያስፈገፍጉ ከዝገቱ በላይ ቀይ ቀለም አስለቀለቁት። ከዚያ አባ ሞረድን ጠርተው፣ ሊኮሩበት፣ በዝናብ መሐል ሳሎናቸው ውስጥ አቆሙት። ጣሪያው ከበላያቸው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከጓሮ ደግሞ አንድ ባለጉዳይ ጠዋት ጎትቶ ያመጣው ሙክት «ባ!» ይላል።

«ተመልከት እንግዲህ፣» አሉ ዳኛው። «አሁን ዝገት የሚባል ነገር ይታይሃል?»

«አይታየኝም ጌታዬ፤ የጓሮውም ሙክት አይታየኝም። ሁለቱንም ግን እሰማቸዋለሁ።»

አትጠገብ ይህን ስትሰማ ራሷን ይዛ ጮኸች። «እስቲ አሁን ምን ቀረዎት? አጋፋሪውን ነከሱ፣ እሜቴን ነከሱ፣ ዛሬ ደግሞ ዳኛውን! ነገ ተከሰው ቢቆሙ ማን ይፈርድልዎታል?» አለችው። እውነቷን እንደ ሆነ የቢተው ልብ ያውቃል፤ ነገር ግን መልስ አፉ ላይ ሲመጣበት እንደ ማስነጠስ ነው፤ ይዤዋለሁ ሲል ወጥቶ ያገኘዋል።

አንድ ሰነፍ ባላገር ሐምሌ አጋማሽ ላይ የዛገ ማረሻ ተሸክሞ መጣ። «አባ ሞረድ፣ ይሄ ማረሻዬ በየዓመቱ ይዝግብኛል፤ ምን ልቀባው?» አለ።

«አፈር።»

ቄሰ ገበዙም ለደግ ብለው አንድ ቀን በእንስራ ጠበል አስይዘው ብቅ አሉ። አውቶሞቢሉን ጠዋት ማታ ቢረጩት ዝገት እንደማይደፍረው ተናገሩ። አባ ሞረድ እጃቸውን ተሳልሞ፣ በአውቶሞቢሉና በእንስራው መሐል ገብቶ ቆመ።

«አባ፣ ሰይጣን ቢሆን በጠበል ይወጣ ነበር፤ ዝገት ግን የሚገባው በውሃ ነው።»

ቀልዱ ቀልድ ነው እንጂ ቢተው ሥራውን አልቀለደበትም። ለአውቶሞቢሉ የሣር ዳስ ሠራለት፤ እርጥብ መሬት እንዳይነካው በግንድ ላይ አቆመው። ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ከዚያ ኑግ ዘይትና ሰም አቅልጦ ይወለውለዋል። አትጠገብ የራሷን ያረጀ ቀሚስ ቀዳ ለመወልወያ ሰጠችው። ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ ተጋመሰ። አውቶሞቢሉ መልክ ያሳያል፤ አትጠገብ ሻሿን እያየች የምታስረው በበሩ ነበር። ማታ ማታ ሁለቱ ተቀምጠው፣ ቦታዋ ርስት ስትሆን አጥሩ የት ላይ እንደሚዞር ይጨቃጨቁ ጀመር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዚያ ክረምት ጨው ተወደደ። እሜቴ በለጥሻቸው የጓዳ ሴቶች አሞሌውን እየሸረፉ ይልሱብኛል ብለው እንቅልፍ አጡ። ጓዳውን አላመኑም፣ ጋኑን አላመኑም፤ በመጨረሻ፣ ከአገሩ ቁልፍ ሁሉ ሁለተኛ መክፈቻ የሌለው የአውቶሞቢሉ የኋላ ሣጥን ቁልፍ መሆኑ ትዝ አላቸው። ለማንም ሳይናገሩ አሞሌውን እዚያ ደርድረው ቆለፉበት። ጨውና የዚያ አገር ክረምት ደግሞ ሲገናኙ ዝም አይባባሉም። ጨው ያለቅሳል፤ ብረት ይበላል።

አንድ ቀን ቢተው ከሣጥኑ ሥር ቡናማ ውሃ ጠብ ሲል አየ። ጠረገው። በማግስቱ ደግሞ ጠብ አለ። በጣቱ ነካና ምላሱ ላይ አደረገው። ጨው ነው። በሩጫ እሜቴ ዘንድ ሄደ።

«እሜቴ፣ የኋላውን ሣጥን ይክፈቱልኝና ልጥረገው።»

«ባዶ ሣጥን ምን ይጠረጋል? ምንም የለበትም!» አሉ፤ መቀነታቸውን ጨበጥ አድርገው።

ምን ይበል? ለፊታውራሪ ቢናገር እመቤቲቱን ቀጣፊ ማለቱ ነው፤ እሱም ከመሬት ያስወጣል። ዝም ቢል ዝገቱ ያስወጣዋል። ስለዚህ እሱ ከሥር ሲጠርግ፣ ጨው ከላይ ሲበላ ሰነበቱ። በዚያ ሰሞን አባ ሞረድ አንድም ቀልድ አልተናገረም። አትጠገብ ከቀልዱ ይልቅ ዝምታው አስፈራት።

የመስቀል ዋዜማ ደረሰ። ከጠዋት አውቶሞቢሉ ከዳሱ ወጥቶ ዋርካው ሥር ቆመ። እሜቴ አሞሌውን ጎሕ ሳይቀድ አስወጥተው ሣጥኑን አስጠርገው ነበር። ፊታውራሪ ከፊት ሆነው አዩ፤ ጢማቸው ቁልጭ ብሎ ታያቸው። በጎን ዞሩ፤ ቀሚሳቸው ታያቸው። «እሰይ ቢተው!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አጋፋሪ ጓንጉል በኋላ በኩል ሆነው የሣጥኑን ጎን በዱላቸው ቆርቆር አደረጉት። ዱላው ገብቶ ቀረ።

ዳኛው እዚያው ተሰየሙ። አትጠገብ ከሴቶቹ መሐል ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። አጋፋሪ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ እንደ ዱሮ ሙግት አየር ላይ እየዘለሉ «ጠባቂው ተኝቶ ዝገት በላው! ፈረስ አስይዤ እረታዋለሁ!» አሉ። ቀኛዝማች ወንዳፍራሽ ወደ ቢተው ዞሩ፤ የሙክቱን ነገር አልረሱትም።

«አንተስ? ምስክር አለህ?»

«አንዲት አለችኝ ጌታዬ። የፊታውራሪ በቅሎ፣ ቦራ፣ ትምጣልኝ።»

ሕዝቡ አውካካ። ዳኛው ጠረጴዛ ቢኖራቸው በመቱ ነበር፤ ስለሌለ ጭናቸውን መቱ።

«በቅሎ ምን ብላ ልትመሰክር ነው?»

«የፈለገችውን ትበል ጌታዬ፤ ብቻ ቃሏን ያስጠናት ሰው የለም።»

ፊታውራሪ ራሳቸው ሳቃቸው ስለ መጣ «ትምጣ!» አሉ። ቦራ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ጨው አልቀመሰችም፤ እሜቴ «ለበቅሎ አሞሌ? እኔስ ምን ልበላ!» ብለው ከልክለዋታል። ልጓሟ ሲፈታላት ሣሩን አለፈችው፤ ገብሱን አለፈችው፤ አጋፋሪን በትከሻዋ ገፍታ አለፈቻቸው። ቀጥ ብላ ሄዳ አፍንጫዋን ሣጥኑ ላይ ደገነችና ትልሰው ጀመር። አሽከር ጅራቷን ይዞ ቢጎትት፣ ሌላው አንገቷን ቢጎትት፣ እንደዚያ ጨዋ ጎራዴ እምቢ አለች።

«ጨው ነው!» አለ አንድ ሰው። «ጨው ኖሯል!» አለ ሕዝቡ። ይሄኔ ከሴቶቹ በኩል የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። እሜቴ በለጥሻቸው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ መቀነታቸው ይንጫረራል።

የፊታውራሪ ፊት ተለዋወጠ። በሕዝብ ፊት፣ በአባታቸው አጥንት ምለዋል፤ ዝገት ያስነካ ከመሬቴ ይውጣ ብለዋል። እመቤቲቱን ቢያስወጡ ወንድሞቿ ጦር ይዘው ይመጣሉ። ባያስወጡ መሐላው ይበላቸዋል። የሚገቡበት ጠፋቸው። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው መላ መቱ።

«መሐላው ይውጣ ይላል እንጂ ለስንት ቀን እንደ ሆነ አይልም። እሜቴ የጌታችን ያልሆነች መሬት ረግጠው አንድ ቀን ቢውሉ፣ መሐላው ወረደ።»

ሁሉም ተነፈሰ። ትንፋሹ ግን መልሶ ተያዘ፤ የጌታቸው ያልሆነች መሬት ከየት ትምጣ? ወንዙ በዚያም በዚህም ሞልቶ በቅሎ ይወስዳል። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዳይባል፣ በመስቀል ዋዜማ እመቤት ከለማኝ ጋር ተደርድራ አትውል። ፊታውራሪ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ዓይናቸው ቢተውን ፈለገ።

«ቢተው፣» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «በለጥሻቸውን የት ላድርሳት?»

ቢተው ወደ ሚስቱ አየ። አፍዎን ይጠብቁ ስትለው የከረመችው አትጠገብ እጇን ከአፏ ላይ አነሣች።

«ይናገሩ እንጂ!» ብላ ጮኸች።

አባ ሞረድ እጅ ነሣና፦

«ጌታዬ፣ እኔ የሰፈርኩባትን ቦታ ርስቴ ካደረጓት የእርስዎ መሬት መሆኗ ይቀራል፤ እሜቴ እዚያ ይውላሉ። አይጨነቁ እሜቴ፤ የእኛ ደጅ ቁልፍ ስለሌለው ዝጎ አያውቅም።»